ልጄ ሲውጥ ያለቅሳል፦ ስለ ምግብ ቧንቧ ፈንገስ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከጅማ ከተማና ከዙሪያዋ የደረሱን በርካታ ደብዳቤዎች መዋጥ ስላቃታቸው ልጆች የሚጠይቁ በመሆናቸው በአንድ ላይ አቅርበናቸዋል። መልሱን የሰጡት የሕፃናት ሕክምና ባለሙያዎች ናቸው። የጠያቂዎችን ስም አላወጣንም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሦስት ዓመት ከመንፈቅ የሆነው ልጄ ምግብ አልበላ ብሎኛል። ይርበዋል፣ ራሱ «እንጀራ ስጪኝ» ይላል፤ ግን አንድ ጉርሻ እንደዋጠ ደረቱን ይዞ ያለቅሳል። ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ምላሱ ላይም ነጭ ነገር አለ። አማቴ «እንጥሉ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥ» ይላሉ። ባለቤቴ ቶንሲል ነው ባይ ነው። የማንን ልስማ?
እናት፣ ከጅማ ኮቺ

መልስ፦ እባክዎ እንጥሉን አያስቆርጡት። አማትዎ ይህን ያሉት ለልጅ ልጃቸው አዝነው እንደሆነ እንረዳለን። እንጥል ግን ከላንቃ ጫፍ የተንጠለጠለች፣ ሁሉም ሰው ያለችው ትንሽ ሥጋ ናት፤ ወርዳ ጉሮሮ አትዘጋም። ስትቆረጥ ይደማል፣ ያመረቅዛል፤ ምላጩ ንጹሕ ካልሆነ ቴታነስ፣ የጉበት ቫይረስና ኤችአይቪ ሊገባ ይችላል። የምግብ ቧንቧ ፈንገስ የሚይዛቸው ልጆች ደግሞ ብዙውን ጊዜ በሽታ የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ ነው፤ ከመካከላቸውም እንደ ደም ካንሰር ያለ፣ ደም በቀላሉ እንዳይቆም የሚያደርግ ሕመም ያለባቸው ይኖራሉ። ምላጭ ከማንም በላይ የሚጎዳው እነዚህኑ ልጆች ነው።

የጻፉልን ምልክት የምግብ ቧንቧ ፈንገስን በጣም ያስጠረጥራል። የምግብ ቧንቧ ከጉሮሮ እስከ ጨጓራ ምግብ የሚወርድበት ነው። ካንዲዳ የሚባለው ፈንገስ በብዙ ጤነኛ ሰዎች አፍና አንጀት ውስጥ ምንም ሳይጎዳ ይኖራል። የሰውነት መከላከያ ሲደክም ግን ይባዛል፤ ከአፍ አልፎ የቧንቧውን ግድግዳ በነጭ ሽፋን ይሸፍነዋል፣ ከሥሩም ያቆስለዋል። ልጁ እየራበው የማይበላው ለዚህ ነው፤ እያንዳንዱ ጉርሻ ቁስል እየነካ ይወርዳል። ምራቁን መዋጥ ራሱ ስለሚያመው ለሃጩ ይፈስሳል።

ቶንሲል ከሆነ ሕመሙ ከላይ፣ ጉሮሮው ላይ ነው፤ ትኩሳት ይኖራል፣ ጉሮሮው ይቀላል፣ የአንገት ዕጢዎች ያብጣሉ። የምግብ ቧንቧ ሲሆን ልጁ ደረቱን መሐል ላይ ይይዛል፤ ያውም ጉርሻው ከአፉ ካለፈ በኋላ ነው የሚያለቅሰው። መናገር የማይችሉ ሕፃናት ጡት ወይም ጡጦ በጉጉት ይይዙና ሁለት ሦስቴ ስበው እየጮኹ ይለቃሉ።

አፉን ለማየት በር ላይ በቀን ብርሃን ያስቀምጡት፣ ወይም የስልክ መብራት ያብሩ። እጅዎን ታጥበው በጣትዎ ላይ ንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ይጠቅልሉና ነጩን ነገር ቀስ ብለው ይጥረጉ። ወተት ከሆነ ወዲያው ይለቃል። ፈንገስ ከሆነ ሙጭጭ ይላል፤ ሲላቀቅ ከሥሩ ቀይ፣ አንዳንዴም የሚደማ ቦታ ይታያል። ካልለቀቀ አይፋቁት፤ ለማወቅ ይህ ይበቃዎታል። አፉ ንጹሕ ሆኖ ቧንቧው ብቻ የተያዘ ልጅም ስላለ፣ ነጭ ነገር አለመታየቱ ብቻውን ሊያዘናጋ አይገባም።

ማታ ደህና የተኛ ልጅ ጠዋት ድንገት መዋጥ አቅቶት ለሃጩ ከወረደ ነገሩ ሌላ ነው። ሳንቲም ወይም የሪሞት ክብ ባትሪ ውጦ፣ ወይም በረኪና ጠጥቶ ሊሆን ይችላል። ክብ ባትሪ በሁለት ሰዓት ውስጥ ቧንቧውን ማቃጠል ስለሚችል ለነገ አይባልም። በረኪና የጠጣን ልጅ ለማስታወክ ጣት አይክተቱበት፤ ያቃጠለው ነገር ሲመለስ ዳግም ያቃጥላል። ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይሩጡ።

የእርስዎን ልጅ በዛሬው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ውኃ እንኳ የማይወርድለት ከሆነ፣ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ለሚሆን ጊዜ ካልሸና፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ደም ካስታወከ ወይም ከደከመ ሪፈር ሳይጠብቁ በቀጥታ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ጥያቄ፦ የሁለት ዓመት ልጃችን የአፍ ፈንገስ ተብላ የኒስታቲን ጠብታ ለአንድ ሳምንት ሰጠናት። ጎረቤትም ጂቪ የሚባለውን ሐምራዊ ቀለም ቀቡላት ስላሉን ቀባናት። አፏ ጠራ፣ መብላቱ ግን አልተመለሰም፤ ኪሎዋም ቀነሰ። ሌላ ጠርሙስ ጠብታ እንግዛ?
አባት፣ ከአጋሮ

መልስ፦ አይግዙ። ኒስታቲን በደም ውስጥ አይገባም፤ የሚሠራው የነካውን ቦታ ብቻ ነው። አፍ ውስጥ ጥቂት ቢቆይም በምግብ ቧንቧ በኩል ግን በሰከንዶች ውስጥ ተንሸራቶ ጨጓራ ይገባል። አፏ ጠርቶ ሕመሙ የቀጠለው ለዚህ ሊሆን ይችላል። ጂቪም እንዲሁ ላይ ላዩን ነው፤ በዛ ሲል አፍን ያቆስላል፣ ሐምራዊ ቀለሙም ሐኪሙ የአፏን ውስጥ አጥርቶ እንዳያይ ያደርገዋል። ከመሄዳችሁ በፊት አትቀቧት።

የምግብ ቧንቧ ፈንገስ የሚታከመው በደም ተሰራጭቶ በሚደርስ መድኃኒት ነው። በቅድሚያ የሚታዘዘው ፍሉኮናዞል ሲሆን በቀን አንድ ጊዜ ይወሰዳል። የተለመደው መጠን ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ግራም ነው፤ እንደ ልጁ ሁኔታ ሐኪሙ ከዚህ ሊያስበልጥ ይችላል። ስለዚህ ሚዛን ላይ ሳትወጣ መድኃኒት ከታዘዘላት «ትመዘንልን» በሉ። ባለፈው ወር የተጻፈ ኪሎ ለከሳ ልጅ አይሠራም።

ቁጥሩን ራሳችሁም አስሉት። ልጅቷ 12 ኪሎ ብትሆንና ሐኪሙ በኪሎ 6 ቢያዝላት 72 ሚሊ ግራም ይሆናል። ሽሮፑ ላይ በ5 ሚሊ ሊትር 50 ሚሊ ግራም የሚል ከሆነ የምትወስደው 7.2 ሚሊ ሊትር ነው። በቡና ማንኪያ አይለካም፤ ከፋርማሲ 10 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ስሪንጅ ያለ መርፌ ግዙ። ጠርሙሱን በደንብ ነቅንቁት፣ መድኃኒቱ ከሥር ይዘቅጣልና። ልጅቷን ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ስሪንጁን በጉንጯ በኩል አስገቡና ጥቂት በጥቂት ጭመቁ። ከምግብ በፊትም በኋላም ቢሆን ይሠራል።

ሰው በብዛት የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ሽሮፑ ዱቄት ሆኖ የሚመጣ ሲሆን አንዱ ጠርሙስ ሲበጠበጥ ብዙውን ጊዜ 35 ሚሊ ሊትር ይሆናል። በቀን 7.2 ሲወሰድ አምስት ቀን እንኳ አይሞላም። ሕክምናው ግን ከ14 እስከ 21 ቀን ይቆያል፤ ለ14 ቀን ሦስት፣ ለ21 ቀን አምስት ጠርሙስ ማለት ነው። ልጅቷ በሦስተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን መብላት ስትጀምር፣ ጠርሙሱም በዚያው ሰሞን ሲያልቅ «ዳነች» ተብሎ ይቆማል። ላዩ ሽሯል፣ ከሥሩ ያለው ፈንገስ ግን አልሞተም፤ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስንት ጠርሙስ እንደሚያስፈልግ ጠይቁና የጎደለውን ቀድማችሁ አፈላልጉ፤ አጋሮ ካጣችሁት ጅማ ፈልጉ። የተበጠበጠ ጠርሙስ ከ14 ቀን በላይ ስለማያገለግል ሁሉንም በአንዴ አትበጥብጡ። ውኃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን፤ መጠኑ ወረቀቱ ላይ ያለው ነው እንጂ በዓይን አይገመትም። ሽሮፕ ጠፍቶ ካፕሱል ብቻ ከተገኘ አከፋፈሉን ፋርማሲስቱ ይሥራላችሁ።

ልጅቷ ሌላ መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ሳትጠየቁም ተናገሩ። ሪፋምፒሲን ያለበት የቲቢ መድኃኒት የፍሉኮናዞልን ጉልበት ይቀንሳል። ፍሉኮናዞል በበኩሉ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሆነው ፌኒቶይን እና ፀረ ኤችአይቪ የሆነው ኔቪራፒን በደም ውስጥ እንዲበዙ ያደርጋል። የጉበት ሕመም ካለባት ሌላ መድኃኒት ሊመረጥላት ይችላል። ዓይኗ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንቷ ከጠቆረ ወይም ሰውነቷ ላይ ሽፍታ ከወጣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ተመለሱ። የዋጠችው ሁሉ የሚመለስ ከሆነ ፍሉኮናዞልን በደም ሥር መስጠት ይቻላል፤ ለዚህ መተኛት ያስፈልጋታል።

በትክክል ወስዳ በ7 ቀን ውስጥ ምንም ለውጥ ከሌለ መጠኑን በቤት አትጨምሩ። የሄርፒስ ወይም የሳይቶሜጋሎ ቫይረስ ቁስል ሊሆን ይችላል፤ ፈንገሱም መድኃኒቱን የተላመደ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ያኔ በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም ጫፉ ላይ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ ቧንቧው ይታይና ቅንጣት ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ይመረመራል። ምልክቱ ግልጽ የሆነን ልጅ ግን ኢንዶስኮፒ እስኪገኝ ያለ መድኃኒት ማቆየት አያስፈልግም። መጀመሪያ ማከም፣ ካልተሻለው ማየት ተቀባይነት ያለው አሠራር ነው።

ጥያቄ፦ ለአምስት ዓመት ልጄ የምግብ ቧንቧ ፈንገስ ነው ተብሎ መድኃኒት ተሰጥቶት ተሽሎት ነበር። አሁን ተመለሰ። ሐኪሙ የኤችአይቪ ምርመራ እንዲደረግለት ሲጠይቀኝ በጣም ደነገጥኩ። እርጉዝ ሳለሁ ተመርምሬ ነፃ ነበርኩ። ለምንድን ነው የጠረጠሩኝ?
እናት፣ ከሰርቦ

መልስ፦ እርስዎን ማንም አልጠረጠረም። በአፍ ብቻ የሚታይ ፈንገስ በጨቅላዎች ዘንድ የተለመደ ነው። ከዚያ ዕድሜ ያለፈ ልጅ የምግብ ቧንቧው ሲያዝ ግን ሐኪሙ «ለምን?» ብሎ መጠየቅ አለበት፤ ሳይጠይቅ መድኃኒት ብቻ ጽፎ ቢሸኝዎ ነበር ልንወቅሰው የሚገባ። ልጁ ላይ የተመለሰበት ምክንያቱ ስላልተነካ ሊሆን ይችላል።

ኤችአይቪ ከምክንያቶቹ አንዱ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት አመዳደብ ኤችአይቪ ያለበት ልጅ የምግብ ቧንቧው በካንዲዳ ከተያዘ አራተኛ፣ ማለትም የመጨረሻው ደረጃ ላይ እንደደረሰ ይቆጠራል። ከተወለደ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ካለፈ በኋላ በአፍ ላይ የሚቆይ ፈንገስ ደግሞ ሦስተኛ ደረጃ ነው። በእርግዝና ጊዜ የተገኘ ነፃ ውጤት የዚያን ቀን ውጤት ነው፤ እናት ከዚያ በኋላ፣ በማጥባት ላይ እያለችም ልትያዝ ትችላለች። ስለዚህ እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ልጁም አብራችሁ ተመርመሩ። ልጁ አምስት ዓመቱ ስለሆነ የተለመደው ፈጣን የደም ምርመራ ይበቃዋል። ከ18 ወር በታች ላሉት ግን ፈጣኑ ምርመራ የሚያየው ፀረ እንግዳ አካል (ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚያመነጨው) ከእናት ተላልፎ በደማቸው ስለሚቆይ ቫይረሱን ራሱን የሚፈልግ ምርመራ ያስፈልጋል፤ ከተረከዝ ጥቂት ጠብታ ደም በወረቀት ላይ ይወሰዳል።

ውጤቱ ቫይረሱ እንዳለ ቢያሳይ እንኳ ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ ይሰጣል። መከላከያው ሲያገግም ፈንገሱም መመላለሱን ያቆማል። ያለ እሱ ፍሉኮናዞል ብቻ መስጠት ውኃው ሳይቋረጥ ወለል እንደመወልወል ነው። ውጤቱ የእናንተ ነው፤ ለጎረቤትም ለዘመድም የመንገር ግዴታ የለባችሁም።

ነፃ ከሆናችሁ ፍለጋው ይቀጥላል። ልጁ ለኩላሊት ወይም ለሌላ ሕመም ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን ስቴሮይድ ይወስዳል? ሰሞኑን ተደጋጋሚ አንቲባዮቲክ ወስዷል? ለጨጓራ ኦሜፕራዞል ለወራት ተሰጥቶታል? ብዙ ይጠጣል፣ ብዙ ይሸናል? ይህ የስኳር ሕመም ሊሆን ይችላል። ይገረጣል፣ ሰውነቱ ላይ ያለ ምክንያት ሰማያዊ ምልክት ይወጣል? የደም ምርመራ ይፈልጋል። የሳንባ ምች እየተመላለሰበት፣ ጆሮው እየመገለ፣ እባጭ እየወጣበት ካደገ፣ ወይም ወንድም እህቶቹ በሕፃንነታቸው በኢንፌክሽን ከሞቱ አብሮ የተወለደ የመከላከያ ጉድለት ይጠረጠራል። ይህን ሁሉ ቤት ሆነው በወረቀት ይጻፉና ይዘው ይሂዱ፤ ምርመራ ክፍል ውስጥ በድንጋጤ የሚረሳው ይኸው ነው። የባዶ መድኃኒት ካርቶኖችንም ይያዙ።

የተመጣጠነ ምግብ እጥረትም ትልቅ ምክንያት ነው። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ፣ ወይም ሁለቱም እግሮቹ ካበጡና ሲጫኑት ከሰረጎደ፣ ከፍተኛ የምግብ እጥረት አለበትና የሚታከመው ከዚሁ ጋር ነው። መለኪያው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጋር ይገኛል።

ጥያቄ፦ የልጅ ልጄ በዚሁ በሽታ መድኃኒት ጀምሯል። እስኪድን ምን ላብላው? አልቀበል ሲል በእፍኜ ልጋተው አልኩ፣ ልጄ ከለከለችኝ።
አያት፣ ከሰቃ

መልስ፦ እናታችን፣ ልጅዎ ትክክል ናት። መዋጥ የሚያመው ልጅ ተይዞ ሲጋት ፈሳሹ ወደ ሳንባው ይገባና የሳንባ ምች ያመጣበታል። ምግብ ባየ ቁጥርም መፍራት ይጀምራል፤ ቧንቧው ከዳነ በኋላ እንኳ ፍርሃቱ ቶሎ አይለቀውም።

ሐኪሙ ከፈቀደ ፓራሲታሞል ሽሮፕ ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት ይስጡት። መጠኑ በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ነው፤ ለ12 ኪሎ ልጅ ከ120 እስከ 180 ሚሊ ግራም ማለት ነው። በ5 ሚሊ ሊትር 120 ከሚይዘው ሽሮፕ ከ5 እስከ 7.5 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ከአንዱ እስከ ሌላው 6 ሰዓት ይቆይ። አይቡፕሮፌን ጨጓራና ቧንቧን ስለሚያስቆጣ አይመረጥም።

ምግቡ ለስላሳ፣ ለብ ያለ ወይም ቀዝቀዝ ያለ ይሁን። የጅማ አካባቢ ለዚህ የታደለ ነው፤ የበሰለ አቮካዶ ከሙዝ ጋር በደንብ ተፈጭቶ ትንሽ የፈላ ወተት ሲገባበት ይንሸራተታል፣ ጉልበትም አለው። ጎደሬ በደንብ ተቀቅሎ ከተላጠ በኋላ በወተት ይለንቅጡት፤ በደንብ ካልበሰለ ጉሮሮ ስለሚያሳክክ ማብሰሉ ላይ አይቸኩሉ። የገብስ ወይም የአጃ አጥሚት ላይ የሻይ ማንኪያ ቅቤ ይጨምሩ። እንቁላል በደንብ ተቀቅሎ ከአጥሚቱ ጋር ይለንቀጥ። በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ ሎሚ፣ ብርቱካን፣ ቆሎ፣ ደረቅ ዳቦና ትኩስ ሻይ ለጊዜው ይቅሩ። ነጭ ሽንኩርት ማስዋጥ ቁስሉን ያቃጥላል እንጂ ፈንገሱን አያድንም። ዓመት ላልሞላው ልጅ ማር በምንም ምክንያት አይሰጥም።

ሦስቴ ትልቅ ገበታ ከማቅረብ በቀን ስድስት ሰባቴ ትንሽ ትንሽ ይስጡ። ቁጭ አድርገው ሁለት ሦስት ማንኪያ ይስጡትና አሥር ደቂቃ ያሳርፉት፤ ከዚያ ይድገሙ።

ጥያቄ፦ ፈንገስ ከእርሾ ጋር አንድ ነው ሲባል ሰማሁ። እንጀራ ነው እንዴ ያመጣብን?
ከጅማ መርካቶ

መልስ፦ አይደለም። በሽታውን የሚያመጣው ቀድሞውኑ በሰውነት ውስጥ የሚኖረው ካንዲዳ ነው። የቦካው ሊጥም ምጣድ ላይ ሲጋገር እርሾው ይሞታል። እንጀራ ኮምጠጥ ስለሚልና ወጡ ስለሚያቃጥል ልጁ እስኪሻለው ይቆይ፤ ለቀረው ቤተሰብ ምንም የሚለወጥ ነገር የለም።

ጥያቄ፦ የሁለት ወር ልጄ ምላስና ጉንጩ ውስጥ ነጭ ሆኗል። ይጠባል፣ ኪሎውም ይጨምራል። የጡቴ ጫፍ ግን ያቃጥለኛል። ወደ ውስጥ ይወርድበት ይሆን?
እናት፣ ከጅረን

መልስ፦ እየጠባና እየወፈረ ያለ ጨቅላ በአብዛኛው የተያዘው አፉ ብቻ ነው። ኒስታቲን ቦታው እዚህ ነው፦ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሊትር በቀን አራት ጊዜ፣ ለ7 ቀን። ካጠባሽ በኋላ ግማሹን በአንዱ፣ ግማሹን በሌላው ጉንጩ ውስጥ አድርጊ፤ ወዲያው መልሰሽ አታጥቢው፣ ታጥቦ ይወርዳልና። ነጠብጣቢው አፉን ከነካ ሳይታጠብ ወደ ጠርሙሱ አይመለስ። ነጩ ቢጠፋም ሁለት ቀን ጨምሪ።

አንቺም አብረሽ ታከሚ። እሱ ድኖ ጡትሽ ካልዳነ እየተቀባበላችሁ ትኖራላችሁ። ጤና ጣቢያው ለጡት ጫፍ የሚቀባ ፀረ ፈንገስ ይሰጥሻል። ማጥባቱን አታቋርጪ። ጡጦ ወይም የጡጦ ጫፍ ካለ በየቀኑ ታጥቦ ውኃ ውስጥ ይፍላ፤ በኩባያ መስጠት ከተቻለ ደግሞ ጡጦውን መተው ይሻላል። ሚኮናዞል ጄል ወፍራም ስለሆነ የትንሽ ሕፃን ጉሮሮ ሊዘጋ ይችላል፤ በዚህ ዕድሜ በራስሽ ገዝተሽ አትስጪው።

ጡት ይዞ እየጮኸ መልቀቅ ከጀመረ፣ ክብደቱ ከቆመ ወይም በ7 ቀን ካልጠራ ተመልሰሽ አሳዪው።

ጥያቄ፦ ልጃችን ለአስም ስቴሮይድ ያለበት ፓፍ ይጠቀማል። ፈንገስ ያመጣል ተብሎ ፈራንና ማቆም አሰብን።
ወላጆች፣ ከአሰንዳቦ

መልስ፦ አታቁሙት፤ ያልታከመ አስም ልጅ ይገድላል። ስቴሮይዱ አፍና ጉሮሮ ላይ ሲቀር ነው ፈንገስ የሚያግዘው። ስለዚህ ፓፉን በስፔሰር፣ ማለትም ፓፉ ላይ በሚገጠም ባዶ ቱቦ፣ ስጡት፤ መድኃኒቱ አፍ ላይ ከመቅረት ይልቅ ሳንባ ይደርሳል። ሲጨርስ ውኃ ይጉመጥመጥና ይትፋ፤ አይዋጠው። መጉመጥመጥ የማይችል ትንሽ ልጅ ከሆነ ውኃ አጠጡትና አፉን ውስጥ በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ጥረጉለት፤ ማስክ የምትጠቀሙ ከሆነ ፊቱንም እጠቡት።